የስድስት ዓመት ዜና ያጠፋሁባት ሐሙስ

ይህን ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። ምክንያቱም መጀመሪያ የማስነብባችሁ የራሴን ጥፋት ነው። ጥፋቴን ትቼ ደስ የሚለውን ብቻ ብነግራችሁ ደግሞ ደስታው ከየት እንደመጣ አይገባችሁም። ስለዚህ እንዳለ ላውራላችሁ።

ሐያት እባላለሁ። ያኔ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ከእናትና ከአባቴ ጋር የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። አባቴ ከየካ አባዶ መገናኛ የሚሠራ የታክሲ ሹፌር ነው። ጠዋት ጠዋት ጋቢና አጠገቡ ተቀምጬ እሄድና ጉርድ ሾላ ላይ ያወርደኛል። ከሰው ፊት "የቢሮ ሠራተኛዋ፣ ሂሳብ!" እያለ ሲያሾፍብኝ ደስ ይለዋል።

ቢሮዬ "ውጥን" ነበር። ውጥን ስለ ቴክኖሎጂና ስለ ስታርታፖች በአማርኛ የምትዘግብ የኢንተርኔት ጋዜጣ ናት። የጀመራት ብሩክ የሚባል ልጅ ነው፤ ሲ.ኤም.ሲ እህቱ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተቀምጦ፣ በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ። ጓደኞቹ "ይሄ ነገር በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው፤ በአማርኛ ማን ያነበዋል?" ሲሉት "እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም፤ እኔ ምን እንደምሠራ ግን ማወቅ ትፈልጋለች" ብሎ ቀጠለ። በስድስት ዓመት ውስጥ ለዓይነ ስውራን የሚናገር ዱላ የሠሩትን የኮተቤ ልጆች፣ በስልክ እየታዘዘች እንቁላል ቤት ለቤት የምታደርሰውን ሴት፣ የክሊኒክ ወረፋ በስልክ የሚያስይዙትን ወንድማማቾች ከማንም በፊት የጻፈችው ውጥን ናት። ድርጅት ሲዘጋም እንጽፋለን። ብሩክ "ሲከፈት ጽፎ ሲዘጋ ዝም ማለት ማስታወቂያ ነው እንጂ ዜና አይደለም" ይላል።

የእኔ ሥራ ድረ ገጹን ማስተዳደር ነበር። ገጹ እንዲከፈት፣ እንዲፈጥን፣ እንዳይጠፋ። እንዳይጠፋ!

በዚያች ሐሙስ ጠዋት ድረ ገጹን ከአሮጌው ሰርቨር ወደ አዲስ እያዛወርኩ ነበር። ሰኞ እንግዶች ነበሩብን። የአገር ውስጥ ሚዲያን የሚደግፍ አንድ ድርጅት ሦስት ሰዎች ልኮ የስድስት ዓመት ሥራችንን ሊያይ ነው። ከወደዱት ለሁለት ዓመት ይደግፉናል። ካልወደዱት ብሩክ ቁርጡን ነግሮናል፤ ውጥን በወሩ መጨረሻ ትዘጋለች። ስለዚህ ገጹ ፈጣንና ያማረ እንዲሆን ፈለግሁ።

ሁሉንም ጽሑፍ ገለበጥኩ። ኮምፒውተሩ ላይ የቅጂው ስም መጣ። ስሙን አየሁ፤ ከፍቼ ግን አላየሁም። ከዚያ አሮጌውን አጠፋሁት። "እርግጠኛ ነዎት?" ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት።

ቅጂውን ስከፍተው ባዶ ነበር። ኔትዎርክ ሲቆራረጥ መገልበጡ ገና ከጅምሩ ቆሞ ኖሮ የቀረልኝ ስሙ ብቻ ነው። ሰርቨሩን ለሚያከራየው የውጭ ድርጅት ጻፍኩ፤ "የጠፋው ጠፍቷል" የሚል መልስ መጣ። አሮጌ ገጾችን የሚያስቀምጡ ድረ ገጾች አሉ፤ እነሱም ጋ ያገኘሁት የፊት ገጻችንንና እፍኝ የማይሞላ ጽሑፍ ነው። ረቂቅ ደግሞ አልነበረንም፤ ሁላችንም በቀጥታ ድረ ገጹ ላይ ነበር የምንጽፈው።

ብሩክ ጋ ሄጄ ጠረጴዛው ፊት ቆምኩ።

"ብሩኬ፣ ሁሉንም አጠፋሁት።"

"ምኑን?"

"ውጥንን።"

መጀመሪያ ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ሳቁን አቆመ። ምን እንደሆነ ነገርኩት። ተነስቶ ወጣ። በቃ፣ ተባረርኩ አልኩ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሁለት ሳምቡሳ በወረቀት ይዞ ተመለሰና አንዱን ሰጠኝ።

"ብዪ። ሳትበዪ ማሰብ አትችዪም።"

ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ኢሜይላችንን መበርበር ጀመርኩ። ምናልባት አንድ ሰው ጽሑፍ ልኮልን ይሆናል፣ ምናልባት የተላከ ቅጂ ይኖራል እያልኩ። በመጨረሻ ዓመት ሙሉ ያልከፈትኩትን አንድ ፎልደር ከፈትኩ።

እዚህ ላይ ሁለተኛውን ጥፋቴን ልንገራችሁ። "አ. ሎምበሶ" ብሎ የሚፈርም አንድ አንባቢ ነበረን። አንድ ጽሑፍ ባወጣን ቁጥር ስህተታችንን ዘርዝሮ ይልካል። "አንዴ ስታርታፕ፣ አንዴ ስታርትአፕ፣ አንዴ ጀማሪ ድርጅት ትላላችሁ፤ እባካችሁ አንዱን ምረጡ" ይላል። ነጭናጫ ሽማግሌ አድርጌ ነበር የሳልኩት። አንድ ቀን በጣም ሥራ በዝቶብኝ ሳለ እንዲህ ብዬ መለስኩለት፦ "ውድ አንባቢ፣ እኛ የቴክኖሎጂ ጋዜጣ እንጂ የሰዋስው ትምህርት ቤት አይደለንም። ሌላ ሥራ ይፈልጉ" ከዚያ በኋላ የሚልከው ሁሉ በራሱ ጊዜ ወደዚያ ፎልደር እንዲገባ አደረግሁ።

ፎልደሩ ሞልቶ ነበር። ሰድቤውም አላቆመም! አንድ በአንድ ማንበብ ጀመርኩ። "ገጽ ሁለት፣ መስመር አሥራ አራት።" "ገጽ አንድ፣ ከታች ሦስተኛው መስመር።" አራተኛው ደብዳቤ ላይ ስደርስ ቀጥ አልኩ። ድረ ገጽ የገጽ ቁጥር የለውም። መስመርም አይቆጠርለትም። ይህ ሰው ጽሑፋችንን ወረቀት ላይ ያትማል ማለት ነው።

"ብሩክ!" ብዬ ስጮህ ከኮሪደሩ ማዶ ባለው ሌላ ድርጅት ያሉት የሂሳብ ሠራተኞች ሳይቀሩ ወጡ።

በጥድፊያ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፍኩ። "አስችኳይ ጉዳይ ስለገጠመን" ብዬ ላነጋግርዎት እፈልጋለሁ አልኩ። መልሱ ሳይመሽ መጣ፦ "ደብዳቤዎ ደርሶኛል። አስቸኳይ በሚለው ቃል ውስጥ 'ቸ' በ'ች' ተተክቷል። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ቤት እገኛለሁ።" ከሥር የቤቱ ምልክት አለ። ስለ ጽሑፎቹ አንዲት ቃል የለም።

ብሩክ አብሬሽ ልሂድ አለኝ። "የሰደብኩት እኔ ነኝ፤ እኔው ልሂድ" አልኩት።

አርብ ጠዋት ፈረንሳይ ለጋሲዮን ከታክሲ ወርጄ ዳገቱን ተያያዝኩት። ኮብልስቶኑ አልቆ ቀይ አፈር ሲጀምር፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከአጥሩ በላይ ሲታይ፣ የተባለውን አረንጓዴ የቆርቆሮ በር አገኘሁ። መንገዱን ሙሉ የማለቅሰውንና የምናገረውን ሳጠና ነበር። አንኳኳሁ። ሰባ ዓመት የሚሆናቸው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ቀጭን ሴት ከፈቱ።

"አቶ ሎምበሶን ፈልጌ ነበር" አልኩ።

"አቶ ሎምበሶ አባቴ ናቸው። ካረፉ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል" አሉ። "እኔ አስቴር ነኝ። ግቢ።"

ያጠናሁት ሁሉ በነነ። ሳሎናቸው ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ ጠርዙ የተበላ መዝገበ ቃላትና በብርጭቆ የቆሙ ቀይ እስክሪብቶዎች ነበሩ። ተቀመጪ ሳይሉኝ ከመሳቢያ አንድ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። የራሴ የስድብ ደብዳቤ ነው። ታትሟል፤ ታርሟልም።

"ሰዋስው ብለሽ የጻፍሽው ልክ ነው" አሉ። "ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። መጨረሻ ላይ ግን አራት ነጥብ ረስተሻል።"

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። "እትዬ አስቴር፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ይስቃሉ! ከልባቸው ይስቃሉ።

"ተቀመጪ ልጄ። ሠላሳ አራት ዓመት ማተሚያ ቤት አራሚ ነበርኩ። ያልሰደበኝ ደራሲ የለም። አሁን አስቸኳዩን ንገሪኝ።"

ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

እኔ ግድግዳውን እያየሁ "የሉኝም" እንዳይሉኝ ስጸልይ ነበር። እሳቸው ግን ሌላ ወሬ ጀመሩ።

"አንድ ጊዜ የመጽሐፍ ሽፋን ላይ የደራሲው ስም ተሳስቶ አለፈኝ። ያየነው እትሙ በሙሉ ታትሞ ካለቀ በኋላ ነው። ራሴን ልስት ምንም አልቀረኝም።"

"ከዚያስ ምን አደረጉ?"

"ከዚያማ አዲስ ሽፋን ታተመና አሮጌውን እየገነጠልን በእጃችን ለጠፍን። ማተሚያ ቤቱ በሙሉ፤ ሥራ አስኪያጁ ሳይቀሩ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሙጫ ይቀቡ ነበር። እስከ ዛሬ እንደዚያ ቀን የሳቅሁበት ቀን የለም።" ተነሱ። "ነይ።"

ወደ ውስጠኛው ክፍል ወሰዱኝና የልብስ ቁም ሳጥን ከፈቱ። ልብስ አልነበረበትም። አሥራ አራት ክላሰር በተርታ ተደርድሯል፤ እያንዳንዱ ጀርባ ላይ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ "ውጥን" ተብሎ ወሩና ዓመቱ ተጽፏል። የመጀመሪያውን ሳብኩት። ብሩክ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ የጻፋት የመጀመሪያዋ ጽሑፍ ነበረች።

"ከመጀመሪያው ጀምሮ ነው የሚያነቡን?"

"አይደለም። ዘግይቼ ነው ያገኘኋችሁ። ግን መጽሐፍ ከመሃል ይጀመራል እንዴ? ወደ ኋላ ተመልሼ ሁሉንም ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተምኩ።"

ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። እትዬ አስቴር ቶሎ ብለው ክላሰሩን ከእጄ ወሰዱ። "ወረቀቱ ላይ አታልቅሺ!"

ትንሽ ስረጋጋ ለምን እንደሚያነቡን ጠየቅኳቸው። አገራቸው ሆሳዕና አካባቢ ነው። የእህታቸው ልጅ ታብሌት ሲሰጣቸው መጀመሪያ ያነበቡት፣ አንዲት የአገራቸው ልጅ የሆነች መሐንዲስ ስለሠራችው የእንሰት መፋቂያ ማሽን ውጥን ያወጣችውን ነበር። "የእናቴ ጉልበት ያለቀው እንሰት ሲፍቁ ነው" አሉ። "ያንን ጽሑፍ ሳነብ አለቀስኩ። ሦስት ስህተትም አገኘሁ።"

ክላሰሮቹን ስጠይቃቸው ሁለት ነገር ጠየቁኝ። አንደኛ፣ ወረቀቶቹ የሚሄዱት እሳቸው አብረው ከሄዱ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ጽሑፎቹ ሲመለሱ ከነእርማታቸው ይመለሳሉ። በሁለቱም ተስማማሁና አባቴ ጋ ደወልኩ። ከጁምዓ በፊት ደረሰ፤ ታክሲዋን ወደ ኋላ እየነዳ ቀዩን አፈር ወጣ። እትዬ አስቴር ጋቢና ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላ ክላሰሮቹን አቅፌ። መንገድ ላይ ሰው "መገናኛ ነው?" እያለ እጁን ሲዘረጋ አባቴ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ጭነት ነው! ስድስት ዓመት ነው የጫንነው!" ይላል።

ቢሮ ስንደርስ መጀመሪያ ወረቀቶቹን ስካን አድርገን ሶፍትዌር እንዲያነባቸው ሞከርን። ቀዩ እርማት ከጥቁሩ ፊደል ጋር ስለተደባለቀበት ያወጣው ነገር በየትኛውም ቋንቋ አይነበብም። ያለን ምርጫ በእጅ መጻፍ ብቻ ነው። ለእኛ ለአራቱ የውጥን ሠራተኞች ደግሞ የብዙ ወር ሥራ ነው። ብሩክ ጥቂት አሰበና በውጥን የፌስቡክ ገጽ ላይ ጻፈ፦ "የስድስት ዓመት ጽሑፋችንን በገዛ እጃችን አጥፍተናል። በወረቀት አግኝተነዋል። መጻፍ የሚችል ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፑን ይዞ ይምጣ።" አያችሁ፣ አጥፍተናል ነው ያለው። አጥፍታለች አላለም።

ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ ማንም አልነበረም። ሁለት ተኩልም ማንም የለም። እትዬ አስቴር ግን ክላሰሮቹን ፈትተው፣ ወረቀቶቹን በየዓመቱ ከፋፍለው፣ እንደ ፈተና ፈታኝ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ከደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። የሚናገረውን ዱላ የሠሩት የኮተቤ ልጆች ነበሩ፤ አሁን ትልልቅ ሰዎች ሆነዋል። "የእኛ ጽሑፍ የት አለ?" አሉ። ከዚያ የእንቁላሏ ሴት ባሏን ይዛ መጣች። የክሊኒኩ ወንድማማቾች መጡ። ድርጅቱ የተዘጋበት አንድ ልጅ እንኳ መጥቶ "ስለ መዝጋቴ የጻፋችሁትን ስጡኝ፤ እሱን እኔው ልጻፈው" አለ። ፈጽሞ የማናውቃቸው አንባቢዎች መጡ። በምሳ ሰዓት ቢሮው ሞልቶ ሰው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ይጽፍ ነበር። የሂሳብ ሠራተኞቹ ወንበሮቻቸውን አወጡልን፤ ምድር ቤት ያለው ካፌ ሻይ በሰርቪስ ላከ። የቁልፎቹ ድምፅ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነበር፤ በየመሃሉም "እትዬ አስቴር፣ ይሄ ሐመሩ 'ሐ' ነው ሃሌታው?" የሚል ጩኸት ይሰማል። እንዲህ ብለው የሚጠይቁት በሚሊዮን ብር ስለሚገመት ሥራ የሚያወሩ ሰዎች ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ነጠላ ጫማ ያደረገች፣ እጇ የግራሶ ምልክት ያለበት ሴት ገባች። "ትዕግሥት እባላለሁ፤ ካራ ወርክሾፕ አለኝ። ከብዙ ጊዜ በፊት ስለ አንድ ማሽን ጽፋችሁልኝ ነበር" አለች።

የቱ ማሽን እንደሆነ ከመጠየቄ በፊት እትዬ አስቴር ከወንበራቸው ተነስተው ነበር። "የእንሰቱ?" አሉ።

"አዎ።"

እጇን ያዙ። በሁለት እጃቸው፣ ከነግራሶው። በሀዲይኛ አንድ ነገር አሏት፤ ትዕግሥትም መለሰች። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ግን ክፍሉ በሙሉ መጻፍ አቆመ። ከዚያ እትዬ አስቴር ያንን ጽሑፍ ከክምሩ አውጥተው ትዕግሥት ፊት አኖሩት።

"ጻፊው" አሉ። "ሦስቱን ስህተት እንዳትደግሚ።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አባቴ በር ላይ ቆሞ ዓይኑን ሲያብስ አየሁት፤ ሲያየኝ "አቧራ ነው" አለ።

እሁድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ አንዲት ወረቀት ብቻ ቀረች። ብሩክ የጻፋት የመጀመሪያዋ ነበረች። ለማንም አልሰጣትም፤ ቁጭ ብሎ ራሱ ጻፋት። ሲጨርስ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። የእትዬ አስቴር ጣሪያ አፍስሶ ካበላሻቸው ሰባት ጽሑፎች በቀር ሁሉም ተመለሰ። በዚያን ቀን ቅጂውን አንድም፣ ሁለትም፣ ሦስትም ቦታ አኖርኩት፤ እያንዳንዱንም ከፍቼ አየሁ።

ሰኞ ሦስቱ እንግዶች መጡ። ብሩክ የሆነውን አንድም ሳይደብቅ ነገራቸው፤ እኔ ወንበሬ እሾህ ሆኖብኝ ነበር። አንደኛዋ ሴት ግን ድረ ገጹን ለረጅም ጊዜ ስታነብ ቆይታ ቀና አለች። "እንዲህ የጠራ አማርኛ በድረ ገጽ ላይ አይቼ አላውቅም። አርታኢያችሁ ማን ነው?" አለች። ሁላችንም ጥግ ላይ ወደተቀመጡት እትዬ አስቴር ዞርን። እሳቸው ደግሞ ከኋላቸው ሰው ያለ መስሏቸው ዞረው አዩ።

ድጋፉን አገኘን። ውጥን አልተዘጋችም። እትዬ አስቴር አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ከዳገቱ ይወርዱና ከእኔ ጎን ባለው ጠረጴዛ ይቀመጣሉ። ሠላሳ አራት ዓመት ሲሠሩ ስማቸው በአንድም መጽሐፍ ላይ ታትሞ አያውቅም ነበር፤ የአራሚ ስም አይጻፍም። ስማቸውን በድረ ገጻችን የአዘጋጆች ዝርዝር ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ ደወሉ። "ሎምበሶ ነው እንጂ ሎምቤሶ አይደለም" አሉ። አስተካከልኩት። ስልኩን ግን አልዘጉም። ትንሽ ቆይተው "ጥሩ ይመስላል፣ አይደል?" አሉ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ወንድሞችና እህቶቼ፣ ከዚያ ሳምንት በፊት እኔ ጎበዝ ነኝ ብዬ የማምን፣ ስህተቴን የሚነግረኝን ሰው ደግሞ ጠላት የማደርግ ልጅ ነበርኩ። ዓመት ሙሉ የዘጋሁበት ሰው እኛ ራሳችን ያላከበርነውን ሥራችንን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሲጠብቅልን ነበር። እኔ የሠራሁትን ያህል ጥፋት ሠርቶ ተሰውሮ የተቀመጠ ሰው ካለ ደግሞ፣ ዛሬውኑ ሄዶ ለአለቃው ይንገር። መንገሩ ያስፈራል፤ አውቃለሁ። ግን እኔ ብደብቅ ኖሮ ያንን ቅዳሜ አላየውም ነበር፤ በሕይወቴ ካየኋቸው ቀኖች ሁሉ እሱን የሚያህል የለም።

ውጥን ላይ ስህተት ካገኛችሁ ጻፉልን። እትዬ አስቴር ቀድመዋችሁ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ጻፉ። ደብዳቤዎቹን የምከፍተው እኔ ነኝ፤ ለእያንዳንዱም በዚያው ቀን እመልሳለሁ።